ከመገበሪያው የተለቀመው ጥቁር ስንዴ

ፍሬን በዘር ውስጥ ሰውሮ የሚያኖር፣ ጊዜው ሲደርስም የሚገልጥ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እርሱን አስቀድሜ፣ በካዛንቺስ የቀበሌ ቤት በምንኖርበት ዘመን በገዛ እጄ የሠራሁትን፣ እስከ ዛሬም ባሰብሁት ቁጥር የሚያስደነግጠኝን አንድ ነገር እጽፋለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ሐዘን አይቻለሁ፤ የምወዳቸውን ቀብሬአለሁ። ከሁሉ የባሰ የደነገጥሁት ግን በሰፌድ ላይ በተዘረጋ ስንዴ ፊት ነው።

የተወለድሁት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ውርጭ በሚበረታበት አገር ነው። ልጅ ሳለሁ በጠና ታመምሁ፤ አባቴም «ይህ ልጅ ከተረፈልኝ፣ ከማመርተው ስንዴ በየዓመቱ ለቁርባን መገበሪያ እሰጣለሁ» ብሎ ተሳለ። ተረፍሁ። አድጌ ዜማና ቅኔ ተማርሁ፤ ኋላም አዲስ አበባ ገብቼ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርሁ፤ ከሥራ ውጭ ባለው ጊዜ በደብራችን እያገለገልሁ ካዛንቺስ ተቀመጥሁ። ስእለቱም ተከትሎኝ መጣ። አባቴ በየዓመቱ መከሩ ከተሰበሰበ በኋላ አንድ ጆንያ ስንዴ በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭኖ ይልክልኛል፤ እኔም ለቅሜ፣ የቁርባኑ ኅብስት ለሚጋገርበት ለደብሩ ቤተልሔም አስረክባለሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ ታላቅ እኅቴ በእርሱ እግር ተተካች።

ያ ስንዴ አንድ መልክ አልነበረውም። የሚበዛው ነጭ ነው፤ ቀላ ያለም አለበት፤ በመካከሉ ደግሞ እንደ በሰለ የጫካ እንጆሪ የጠቆረ ፍሬ ይገኝበታል። በሰፌድ ላይ ሲሰጣ ዝንጉርጉር ነው።

መገበሪያ ንጹሕ ሊሆን እንደሚገባው፣ ባዕድ እህልም እንዳይገባበት ከመምህሮቼ ተቀብያለሁ። ገብሱ፣ እንክርዳዱ፣ ጠጠሩ ይለቀማል። እኔ ግን በዚህ ሳላበቃ ጥቁሩንም ስንዴ መልቀም ጀመርሁ። ይህን ማንም አላዘዘኝም። አንድ ቀን የቤተልሔሙ አገልጋይ ስንዴውን አይተው «የእርስዎ መገበሪያ እኮ በረዶ ይመስላል» አሉኝ፤ ልቤ ኮራ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጥቁር ፍሬ በሰፌዱ ላይ ብትቀር ዕረፍት የማጣ ሰው ሆንሁ። በመዝገብ ቤትም ጠባዬ ያው ነበር፤ በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ የገባ አንድ ወረቀት ካየሁ ምሳዬን ትቼ ስፍራውን እፈልግለት ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ በአገራችን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ገባ። እኅቴም እንደ ጎረቤቶቿ ማሳዋን ለአዲሱ ስንዴ ሰጠች። ብዙ ያፈራ ነበርና አልፈርድባትም። የአባታችንን ስንዴ የመጨረሻውን ጆንያ የላከች ጊዜ፣ ከአውቶቡሱ ረዳት ጋር አንድ ቃል አብራ ላከች፦ «እኩሌታውን ለዘር አስቀምጥልኝ፤ የነገን ማን ያውቃል።» አስቀመጥሁላት። እናታችን ስታደርግ እንዳየሁት ከአመድ ጋር አድርጌ፣ አፉን በጭቃ መርጌ፣ በትልቅ እንስራ ከአልጋዬ ራስጌ አኖርሁት። የቀረውን እኩሌታ ዓመት በዓመት እየለቀምሁ ለቤተልሔም ሰጠሁ፤ እርሱ ሲያልቅም ከእህል መደብር እየገዛሁ ስእለቱን ቀጠልሁ። እንስራውን ግን አልነካሁትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእኅቴ አገር ዋግ የሚባለው በሽታ በሁለት ተከታታይ ክረምት ስንዴውን መታው። አገዳው ዝገት እንደ በላው ብረት ቀላ፤ ዛላው ባዶውን ቆሞ ቀረ። ይህን ያዩ የመንደሩ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፣ የድሮውን ዘር ከየጓዳው ለቅመው የሚያኖሩበት ቤት በጭቃና በእንጨት ሠሩ። የዘር ቤት ይሉታል። ከእርሱ የወሰደ ገበሬ በመከር ጊዜ ጨምሮ ይመልሳል። የድሮው ገብስ ተገኘ፤ ባቄላውም አተሩም ተገኘ። የአባታችን ዓይነት ስንዴ ግን ከጎተራው ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ እኅቴ በማኅበሩ ፊት ተነሥታ «ወንድሜ ዘንድ አለ» ብላ ማለች።

ይህን የነገረችኝ ከወረዳው ከተማ ስልክ ደውላ ነው።

«ማሳ ለይተው በደቦ ሊያርሱልኝ ነው» አለችኝ። «አንዳንዱ ግን ይስቅብኛል። 'የከተማ ደብተራ ስንዴ ሲያገኝ ይበላዋል እንጂ ያስቀምጠዋል?' ይሉኛል። በግንቦት እመጣለሁ።»

«ነይ እትዬ፤ አላሳፍርሽም» አልኋት።

ያጠፋኝ ይህ «አላሳፍርሽም» ያልሁት ቃል ነው። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቼ ነበር። የአባቴ ስንዴ ወደ አገሩ ሊመለስ ነውና አምሮ ይመለስ ብዬ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ እንስራውን ከፈትሁ። በየቀኑ ከቅዳሴ መልስ መነጽሬን አድርጌ በደጃፍ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ፤ አመዱን አንገዋልዬ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እያየሁ፣ ጥቁር ጥቁሩን ወደ ጎን አወጣለሁ።

ባለቤቴ አንድ ቀን አጠገቤ ቆማ «ይህ እኮ ለዘር ነው፤ ለቁርባን አይደለም። ዓይንዎን ለምን ያደክማሉ?» አለችኝ።

«ለዘር ሲሆን ይብሳል» አልኋት። «እንክርዳድ የዘራ እንክርዳድ ያጭዳል።»

ከባሏ ጋር በነገረ መጻሕፍት አትከራከርም። የተለቀመውን ጥቁር ፍሬ ሰብስባ፣ ለዓመታት እንደ ለመደችው፣ ለጎረቤታችን ዶሮዎች ወሰደች። ይህ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ዘለቀ። በመጨረሻም ነጩንና ቀላ ያለውን ስንዴ ወደ እንስራው መልሼ፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ አስሬ፣ እኅቴን ጠበቅሁ።

በግንቦት መጣች። ከአውቶቡስ ተራ ጀምሮ ከአንዱ ታክሲ ወደ ሌላው እየተሳፈረች፣ በላንቻ በኩል ተሳስታ ዞራ፣ አዲስ የአቡጀዲ ከረጢት በብብቷ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። ባለቤቴ ውኃና ምግብ ብታቀርብላት «መጀመሪያ ዘሩን» አለች።

እንስራውን አወጣሁላት። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ አንድ እፍኝ ከሥሩ ዘገነች፤ አሸተተችው፤ አንዲት ፍሬ በጥርሷ ሰብራ ድምፁን አዳመጠች። «ደርቋል፤ ነቀዝም አልነካውም» አለች፤ ደስ አለኝ። ከዚያ በሰፌድ ላይ ዘርግታ ወደ በሩ ብርሃን ተጠጋች። በጣቷ ወዲያና ወዲህ ገፋችው። ሁለተኛ እፍኝ ከሌላ በኩል አወጣች፤ ሦስተኛም ጨመረች።

«ጥቁሩስ?» አለችኝ።

«የቱ ጥቁር?»

«የአባታችን ጥቁር ነዋ። ለብቻው አስቀምጠኸዋል?»

ደረቴን ነፍቼ መለስሁላት፤ ዛሬ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል። «ለቅሜ አወጣሁት እትዬ። አንድም አልቀረበትም፤ ብትፈልጊ ፈትሺው።»

ሰፌዱን በጭኗ ላይ እንደ ያዘች በደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ከመንገድ ድካም የተነሣ ቀልቶ ነበር፤ አሁን አመድ መሰለ።

«ስንዴውን አስመነኮስኸው» አለች።

ባለቤቴ ሳቀች። እኅቴ ግን አልሳቀችም፤ ባለቤቴም ይህን አይታ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ነጩማ ደግ ዓመት ሲሆን ያበላል» አለች እኅቴ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነጭ ስንዴ ብፈልግ ከወረዳው ይሰጡኝ የለ? ውርጭ ሲወርድ፣ ዋግ ሲመታ ቆሞ የሚቀረው ጥቁሩ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለእሱ ነው።»

«ባዕድ መስሎኝ ነው» አልኋት።

«አንተ? አውድማ ላይ ያደግኸው? አባታችን አብሮ ይዘራው የነበረው ዓይኑ ፈዞ መሰለህ? ማጭድ ከመግባቱ በፊት ማሳውን ዞሮ፣ ከነጩም ከቀዩም ከጥቁሩም የጎበዘውን ዛላ እየመረጠ፣ አንድ ላይ አስሮ ከምድጃው በላይ ይሰቅለው አልነበረም? ተሸክመህ ቤት ያስገባኸው ማን ሆነና?»

እኔ ነበርሁ። ይህን ስትናገር ያ እስር በትከሻዬ ላይ ሆኖ የዛላው ጢም አንገቴን ሲወጋኝ ተሰማኝ። አንድ ላይ አስሮ ሲያሸክመኝ አይቻለሁ፤ አይቼም ረስቻለሁ። ለምን ረሳሁ? ከዚህም የባሰ ድንጋጤ ተከተለኝ። ጌታ ስለ ስንዴውና ስለ እንክርዳዱ ያስተማረውን ምሳሌ በዐውደ ምሕረት ላይ ስንት ጊዜ ተርጉሜአለሁ። ባለ እርሻው አገልጋዮቹን እንክርዳዱን እንኳ እንዳይነቅሉ የከለከላቸው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ፈርቶ መሆኑን ለስንቱ አስረድቻለሁ። እነዚያ አገልጋዮች እንኳ ተከልክለው ተመለሱ። እኔ ግን ሳልጠየቅና ሳልታዘዝ፣ ስንዴውን ራሱን እንክርዳድ ብዬ ነቀልሁት፤ ያውም በጾም ወራት፣ ዳዊት እየደገምሁ።

እኅቴ ወደ ባለቤቴ ዞረች። «የወጣውን የት ደፋችሁት?»

«ለጎረቤታችን ዶሮዎች ነው የምሰጠው» አለች ባለቤቴ።

«እንቁላሉንስ ትበሉታላችሁ?»

«በፍስክ ነዋ።»

«እንግዲህ የአባታችን ዘር በእንቁላል ሆኖ ገብቶልሃል» አለችኝ። ይህን ብላ ከረጢቷን ማጠፍ ጀመረች፤ አጥፋ አጥፋ እንደ መሐረብ አሳነሰችው። ማሳው ታርሶ እየጠበቃት፣ የሳቁባት ሰዎች እየጠበቋት፣ ባዶ ከረጢት ይዛ ልትመለስ ነው። ተነሥቼ ወጣሁ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ ከጉሮሮ የወረደ እህል አይመለስም። ብቻ እግሬ ወደ ጎረቤታችን ወሰደኝ።

ጎረቤታችን ከስልጤ አገር የመጣች ሙስሊም ሴት ናት። ባሏ ቄራ አካባቢ በቆዳ ንግድ ይሠራ ነበር፤ እርሷ ከግቢያችን በር አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበራት። እንደ ግቢው ሰው ሁሉ «የኔታ» ትለኝ ነበር። ሱቋ ፊት ቆሜ ምን እንደምጠይቅ ጠፍቶኝ «ዶሮዎችሽ ደኅና ናቸው?» አልኋት።

«የኔታ ደግሞ፣ የምን ዶሮ?» አለችኝ ሳሙና እየደረደረች። «የዶሮ በሽታ መጣ ተብሎ ወሬ የተነዛ ጊዜ ሁሉንም ሸጥኳቸው እኮ፤ እንቁላልም ከገበያ ነው አምጥቼ የምሸጠው። ዓመት አለፈው። አላስተዋሉም?»

አላስተዋልሁም ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርሁ ዓመት ሙሉ ዶሮ አለመጮኹን አላስተዋልሁም።

«ታዲያ» አልኋት፣ «በጾማችን ባለቤቴ ስታመጣልሽ የሰነበተውን ስንዴ ምን አደረግሽው?»

እጇ በሳሙናው ላይ ቆመ። ልወቅሳት የመጣሁ መሰላት፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «ማለቴ… የኔታ፣ ጎረቤት ያመጣውን አልፈልግም ማለት ነውር ሆነብኝ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነው የሚሰጡኝ። እንዳልጥለው ደግሞ የናንተ የቤተ ክርስቲያን እህል ነው፤ ፈጣሪን ፈራሁ። በቃ፣ አስቀመጥኩት። ካስቀየምኩዎት ይቅር ይበሉኝ።»

ጎንበስ ብላ ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ትልልቅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮዎች ጎትታ አወጣች። ክዳናቸውን በላስቲክ አስራዋለች። የአንዱን ስትፈታ የበርበሬ ሽታ ወጣ። ከሥሩ እስከ አፉ ጥቁር ስንዴ ነበር፤ በመካከሉ ደረቅ የበርበሬ ዛላ ጣል ጣል ተደርጎበታል።

ባንኮኒውን ያዝሁ። «የኔታ፣ አመመዎት?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ከቤተ መቅደስ ያልጠፋሁት ሰው የጣልሁትን፣ የእኔን ቅዳሴ ቆማ የማታውቅ ሴት ፈጣሪን ፈርታ አስቀምጣዋለች።

እኅቴን ጠራኋት። መጥታ እጇን በቆርቆሮው ውስጥ ከተተች፤ እፍኟን ወደ ፊቷ አቅርባ አሸተተችው፤ ከበርበሬው የተነሣ አስነጠሳት። ከዚያ ጎረቤታችንን ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት።

«በርበሬውን ማን አሳየሽ?»

«እናቴ ናት፤ ለዘር የምታስቀምጠው በቆሎ ላይ ታደርገው ነበር። ነቀዝ አይደፍረውም።»

«እኛ አመድ ነው የምናደርገው።»

«አመድም ጥሩ ነው እናቴ። ግን ከተማ አመድ ከየት ይመጣል? ሁሉም በኤሌክትሪክና በቡታጋዝ ሆነ።»

ሁለቱ በዚህ ጀመሩ። ስለ ነቀዝ፣ ስለ ቅል፣ በየትኛው ጨረቃ ዘር እንደሚከደን ተጨዋወቱ፤ እኅቴ የሱቁን በርጩማ ወስዳ ተቀመጠች፤ ዕቃ ሊገዛ የመጣው ሰው ቆሞ ጠበቃቸው። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። የተማረ ሰው በሌለበት እንደሚነጋገሩ ሆነው ተነጋገሩ፤ ትክክልም ነበሩ።

ዘሩ ይብቀል አይብቀል ገና አልታወቀም ነበር፤ ብዙ ዓመት ተኝቷል። እኅቴ ከጥቁሩ አሥር፣ ከነጩም አሥር ቆጥራ፣ ለየብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከአልጋው ሥር አኖረችው። በየጠዋቱ ጨርቁን አርሳ መልሳ ትጠቀልለዋለች። እኔ በእነዚያ ቀናት የምጸልየው ወደ አልጋው ሥር እያየሁ ነበር። በአራተኛው ቀን ጨርቁን ፈታች። ከነጩ አምስት፣ ከጥቁሩ ስድስት እንደ ጥርስ የነጣ በቆልት አውጥተው ነበር።

«ማሳውን አይሞላውም» አለች። «አንድ መደብ ይሞላ ይሆናል። በቀረው መሬት ይሳቁብኝ፤ ዘንድሮ መደብ፣ ከርሞ ማሳ።» ከዚያ ከረጢቷን ዘርግታ «በል ቀላቅልልኝ፤ የለየህ አንተ ነህ» አለችኝ።

ነጩን በሰፊ ገበታ ላይ አፈሰስሁት፤ ጥቁሩን በላዩ ገለበጥሁ። ከሥር ወደ ላይ ስገለብጥ፣ ሳላውቀው ጣቴ አንዲት ጥቁር ፍሬ ለይታ ወደ ገበታው ጠርዝ አወጣች። ቆምሁ። እኅቴ አየችኝ። ፍሬዋን በአውራ ጣቷ ገፍታ ወደ ክምሩ መለሰቻት።

ልንጨርስ ስንል እኅቴ ብዕርና ወረቀት አስመጣች። በዘር ቤቱ እያንዳንዱ ዘር የሚያስረዳ ጽሑፍ ይንጠለጠልበታል። እርሷ ማንበብ አታውቅም፤ እኔ ጸሐፊ ሆንሁላት። ያልሁትን ጻፍ አለች፦ ስንዴው ሦስት መልክ እንዳለው፣ አብሮ እንደሚዘራ፣ አብሮ እንደሚታጨድ፣ ለዘር ሲመረጥ ከሦስቱም እንደሚወሰድ፣ ውርጭ ሲመጣ የትኛው እንደሚተርፍ። በብራና ጽሕፈት የሰለጠነው እጄ ያቺን አጭር ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

«ከታች ደግሞ» አለችኝ፣ «ዘሩን ያቆየው ማን እንደ ሆነ ይጻፋል።»

ብዕሬን ቀለም ነክሬ ጠበቅሁ። በልቤ የቱን ስም እንደምትጠራ ዐውቅ ነበር፤ ሆኖም ስትጠራው ደነገጥሁ። የጎረቤታችንን ስም ከነአባቷ አስጻፈችኝ። የእኔ ስም አልተነሣም፤ እኔም አላነሣሁትም። ወረቀቱን አጥፋ ከስንዴው ጋር በከረጢቱ ከተተችው።

በተከታዩ ዓመት፣ መከር ካለፈ በኋላ፣ የአውቶቡስ ረዳት አንድ ትንሽ እስር አመጣልኝ። ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ዛላ አንድ ላይ ታስሯል። ለእኔ የተላከ መስሎኝ ነበር፤ ረዳቱ ግን «ለሱቋ ሴትዮ ስጥ ተብያለሁ» አለኝ። ወስጄ ሰጠኋት። በሱቋ መደርደሪያ ላይ ከሳሙናው በላይ ሰቀለችው።

ግቢያችን ከፈረሰ ቆይቷል። ዕጣ እርሷን ወደ አንዱ ኮንዶሚኒየም፣ እኛን ወደ ሌላው ለየን፤ ዛላውን ጠቅልላ ስትሄድ አይቻታለሁ። እኔ ዛሬም መገበሪያ እለቅማለሁ፤ ጠጠሩንና እንክርዳዱን አወጣለሁ። ጥቁር ስንዴ ባገኘሁ ጊዜ ግን እጄ ይደነግጣል፤ እተወዋለሁ።

ይህን የምታነብብ ሆይ፣ ሳታውቅ የጣልኸውን የሚያነሣልህ ጎረቤት አይጥፋብህ። ጎተራህ ከነቀዝ፣ ማሳህ ከዋግ ይጠበቅ፤ በቤትህ ያሉት ሁሉ፣ ነጩም ጥቁሩም፣ ባለቤቱ እስኪሰበስባቸው ድረስ አብረው ይኑሩልህ። አሜን።